እማዬ፣ ስለ ጠየቅሽኝ ነገር

እማዬ፣

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ጥርሷን ነቅላ ጣሪያ ላይ ወርውራለች፤ ትልቁን ፊዚክስ ይዞታል። እሺ፣ ወደ ጥያቄሽ፦ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በሌለበት ሴፕሲስ ሾክ፣ ማለትም ኢንፌክሽን ግፊቷን የጣለባት በሽተኛ እንዴት ትታከማለች ላልሽው።

እንዲህ ያለች በሽተኛ ስትመጣብሽ አንቲባዮቲኩ፣ ሴፍትሪያክሶኑ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ይግባ። ላብራቶሪ አትጠብቂ። የጣት ስኳርም ይለካ፤ ስኳሩ ወርዶ የደነዘዘ ሰው ሾክ ነው ተብሎ ይታለፋል።

የምፈራው በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ነው። መመሪያው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በ3 ሰዓት ይላል፤ ለ50 ኪሎ ሴት 1500 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በአንዴ አትልቀቂው። 500 ሚሊ ሊትር ሪንገር (ፈሳሹን) ስጪና ተመልሰሽ እያት፦ ትንፋሿን ቁጠሪ፣ ጥፍሯን ተጭነሽ ደሙ በ3 ሴኮንድ መመለሱን እዪ፣ ሳንባዋን ከጀርባ አዳምጪ። ሲንኮሻኮሽ ከሰማሽ ወይም ኦክስጅኗ ከወረደ አቁሚ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የዛምቢያ ጥናት ብዙ ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት በቶሎ ካገኙት 48 በመቶው ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ፤ በተለመደው ሕክምና ከታከሙት 33 በመቶው። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው፤ ቢሆንም ሳንባዋ ውሃ ቢቋጥር አንቺ ዘንድም መተንፈሻ ማሽን የለም።

ግፊቱ ካልተነሳ የግፊት መድኃኒቱን፣ አድሬናሊን፣ ጀምሪ። 1 ሚሊ ግራም በ250 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ክርኗ ላይ ባለው ትልቅ ደም ሥር። 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን መስመር፣ መነሻው በደቂቃ 12 ጠብታ ነው። በየ5 ደቂቃው እየለካሽ አማካይ ግፊቱ 65 እስኪደርስ ጨምሪ። ፓምፕ ስለሌለ ክንዷን ስታጥፍ ጠብታው ይቆማል፣ ስትዘረጋ ይሮጣል፤ ሰሌዳ ይታሰርላት። ቆዳዋ ከነጣ ወይም ካበጠ መስመሩን ቀይሪ። ከረጢቱ ሳያልቅ ሌላው ተበጥብጦ ይቆይ፤ ብዙ ጊዜ ግፊቱ የሚወድቀው እሱ ሲቀየር ነው። ሽንቷ በሰዓት 25 ሚሊ ሊትር ካለፈ ደህና ነሽ።

ይህ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ጠብታ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። አንቺ እንደሆንሽ ለሰው ስትነቂ ነው የኖርሽው። ገና በመጣ ቁጥር እኛ እትዬ ቤት፣ አንቺ ተረኛ። መልስ አልፈልግም፣ እንዲያው ወጣልኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስልክ ላይ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትተነፍሺያለሽ። ስንት ትራስ ነው የምትደርቢው? እግርሽስ ማታ ማታ ያብጣል? ላሲክስ (የሚያሸናውን መድኃኒት) ራስሽ ለራስሽ አትዘዢ። ለኢኮ (ለልብ አልትራሳውንድ) ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት መኪና ይመጣል። የሰኞውን ተረኝነት ለሌላ ስጪ።