ስልሳ ሰው የጫነው መርከብ

ሰላም ነው ወንድሜ?

ጠፋን አይደል። ለበዓል «እንኳን አደረሰህ» ብለህ ልከህልኝ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ካልኩህ ወዲህ ምንም የለም፤ እሱም እንደ ወሬ ከተቆጠረ ማለቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ያው ነው። እማዬም ደህና ናት፣ ስምህ በተነሳ ቁጥር «ያ ልጅ አላገባም እንዴ?» ትላለች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጌም ነው። አትሳቅ።

ፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤት «ተሸናፊ ይከፍላል» እየተባባልን ላደግን ልጆች ጌም ማለት ወይ ኳስ ወይ ቡጢ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን» ይባላል። የሠራው ሉካስ ፖፕ የሚባል ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2018 ነው የወጣው፣ እኔ ገና አሁን ደረስኩበት። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ በስጦታ ገዝቶ ላከልኝ፤ እዚህ ሆኖ በካርድ የመግዛቱን ጣጣ መቼም ታውቀዋለህ።

ቀለም የሚባል ነገር የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ኦብራ ዲን የሚባል የንግድ መርከብ በ1802 ከለንደን ተነስቶ የገባበት ይጠፋል። በ1807 እንግሊዝ አገር ፋልማውዝ ወደብ ላይ ብቅ ይላል፣ ውስጡ ግን በሕይወት ያለ አንድ ሰው የለም። አንተ ኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ ከሚባለው የእንግሊዞች የንግድ ድርጅት የተላክህ የኢንሹራንስ ገምጋሚ ነህ። ተሳፍረው የነበሩት ስልሳ ናቸው። እያንዳንዱ ማን ነው? ምን ሆነ? ተገድሎ ከሆነስ ማን ገደለው? በቃ፣ ሟቾችን አስቀምጦ አውጫጭኝ እንደ ማድረግ ነው።

በእጅህ አንድ የኪስ ሰዓትና አንድ መጽሐፍ አለ። አጥንት ካገኘህ ሰዓቱን ትከፍታለህ። ስክሪኑ ይጨልማል። መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ በር ይደበደባል፣ ሰው ይጮኻል፣ ተኩስ ይሰማል። ከዚያ ሰውየው የሞተባት ቅጽበት ውስጥ ራስህን ታገኘዋለህ። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሏል፣ የተመታው ሰው ገና መሬት አልደረሰም፣ የተኮሰውም ሽጉጡን እንደያዘ ነው፣ አንተ ብቻ በመሃላቸው እየዞርክ የአንዱን ፊት የሌላውን እጅ ታያለህ።

እኔን የገደለችኝ ግን መጽሐፏ ናት። ያገኘኸውን ትሞላለህ፣ እሷ ትንፍሽ አትልም። የሦስት ሰው ነገር በትክክል ስትሞላ ብቻ ነው የምታረጋግጥልህ። አንዱን በግምት ብትመታው እንኳ መምታትህን አታውቅም። እንዲህ ተጫዋቹን የሚያከብር ጌም አላየሁም፤ ቀስት እየጠቆመ «በዚህ ሂድ» የሚል ነገር የለም።

የስም ዝርዝሩ ላይ ሥራቸውና አገራቸው ተጽፏል፣ እንግሊዙ፣ አየርላንዱ፣ ስኮትላንዱ፣ ሕንዱ፣ ቻይናው፣ ሩሲያው። አንዳንዱ የሚለየው በአነጋገሩ ነው። እኔ የጎጃሙን ከወሎው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ እለይልሃለሁ፤ አየርላንዱና ስኮትላንዱ ግን ለጆሮዬ ሁለቱም ፈረንጅ ናቸው። ስለዚህ በዓይኔ ገባሁበት። ማን ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ማን ማንን ያዛል፣ ማን ምን ተጫምቷል። ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ እያየ ላደገ የሰፈር ልጅ ይሄ አያቅትም። እግራቸውን እይ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። አሁንማ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ ስሄድም የሰው ጫማ ላይ አፍጥጬ ነው፤ ባለፈው አንዷ «ምን ወደቀብህ?» አለችኝ።

ሌላም አለ። የሁሉም ፊት መጽሐፉ ውስጥ ተስሏል፣ ግን ሰውየውን ለማወቅ የሚበቃ ነገር እስክታይ ድረስ ፊቱ ደብዝዞ ይቆያል። ያንን ሳይ ያቺ የሰፈር ዋንጫ ፎቷችን ትዝ አለችኝና ከካርቶን ውስጥ ቆፍሬ አወጣኋት። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበትኗል፣ ታውቃለህ። አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ካናዳ፣ ግብ ጠባቂያችን ነፍሱን ይማረው እያልኩ ሁሉንም ሞላሁ። ከኋላህ ቆሞ በሁለት ጣቱ ቀንድ የሠራብህ ልጅ ግን ስሙ ጠፋኝ። እናቱ ጠጅ ሳር የሚሸጡት አይደለም፣ እሱን ለይቼዋለሁ። ፎቶዋን በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ እስቲ እየው።

ጌሙን እንደምንም ብለህ አግኘው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። ዩቲዩብ ላይ መልስ ፍለጋ እንዳትገባ፤ አንዴ ካወቅከው በቃ፣ እንደ አዲስ የምትጫወተው ነገር አይደለም፣ እኔ ራሴ ረስቼው እንደገና ብጀምረው ደስ ባለኝ። ስትጀምር ደውል፣ ማታ ማታ ቤት ነኝ፣ መብራት ባይኖርም ስልክ አለ። ግራ ገብቶህ እንደ ልጅነታችን ጎንደርን የሚያህል አገር ብትሰጠኝ እንኳ መልሱን አልነግርህም።