ይድረስ ለቅኔው ወዳጄ

ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት ነጎዱ። ከአንተ አገር ሰው በመጣ ቁጥር ስለ ጤናህ ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤ ነገር ግን ወሬ መስማትና ተጻጽፎ መጨዋወት ለየቅል ናቸው። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ከአንተ በቀር ለማንም የማላወጋው ነገር ነው።

ለሥልጠና ወደ ስሪ ላንካ ተልኬ ነበር። በዕረፍታችን ቀን አስጎብኚያችን ሐሩሩ ሳይበረታ እንድንወጣ በሌሊት ቀስቅሶ ሲጊሪያ ወደሚባል አለት ወሰደን። ከሜዳው መካከል ብድግ ያለ፣ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ካሽያፓ የተባለ ንጉሥ በ477 እ.ኤ.አ. አባቱን ከዙፋን አውርዶ ነገሠ፤ አባቱንም አስገደለው። ወንድሙ ሞጋላና ወደ ደቡብ ሕንድ ሲሸሽ፣ ካሽያፓ የእሱን መመለስ ፈርቶ ቤተ መንግሥቱን አለቱ አናት ላይ ሠራ። በእኛ አገር ግሸን አምባ ላይ ይጋዙ የነበሩት ለዙፋን የሚያሰጉት የንጉሥ ወንድሞች ናቸው፤ እዚያ ግን አምባ የወጣው ንጉሡ ራሱ ነው! ይህን ለአስጎብኚው ብነግረው መንገዱን ትቶ ስለ ግሸን ይጠይቀኝ ጀመር። ወንድሙ በ495 ጦር ይዞ ሲመለስ ካሽያፓ ከምሽጉ ወርዶ ሜዳ ላይ ገጠመውና ተሸንፎ ሞተ።

ከአለቱ ወገብ ላይ የሴቶች ሥዕሎች አሉ። ከእነሱ በታች በነጭ ልስን ተወልውሎ ያበራ የነበረ፣ የመስታወት ግድግዳ የሚሉት አለ። ንጉሡ ካለፈ በኋላ፣ በተለይ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሥዕሎቹን ሊያይ የወጣው ሰው ልስኑ ላይ ግጥም እየጫረ ወርዷል። መነኩሴውም፣ ወታደሩም፣ ሴቶችም ሳይቀሩ። አንዱ ውበታቸውን ያወድሳል፣ ሌላው ለምን አታናግሩኝም ብሎ ይወቅሳቸዋል። 685ቱ ተነበው በመጽሐፍ ታትመዋል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ፊደሉ ደቃቅና ክብ ክብ ነው፣ ብርሃን በጎን ሲያገኘው ይጎላል።

ከሰዓት በኋላ ዳምቡላ ደረስን፤ አምስት የዋሻ ቤተ መቅደሶች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ቫላጋምባ የተባለ ንጉሥ ጠላት ሲያሳድደው እዚያ ተጠልሎ፣ ዙፋኑን ሲያስመልስ ቤተ መቅደስ አደረጋቸው። ልክ እንደ እኛ ጫማ አውልቀን ገባን። የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ እዚህ ሥዕሉ የጣሪያውን ጉብታና ስርጉድ ተከትሎ በራሱ በአለቱ ላይ ይሄዳል።

ወንድሜ፣ ያ ግድግዳ ግን ከልቤ አልወጣም። ዋሸራ ቅኔ ቤት ስትማር የኔታ የዘረፉትን ቅኔ ስትነግረኝ፣ ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም ትለኝ ነበር። ክብሩ እዚያ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም መንገደኛ ወታደር የጫረው ስንኝ ከሺህ ዓመት በኋላ ሲነበብ አይቼ፣ ያቺ ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ የየኔታ ጉባኤ ቃና፣ በአንተ ትዝታ ብቻ መቅረቱ አንገበገበኝ።

ስለዚህ ልለምንህ፦ የምታስታውሰውን ሁሉ ከነባለቤቱ፣ ከተዘረፈበት በዓልና ደብር ጋር ጻፍልኝ። ሰሙንና ወርቁን አንተ ፍታው፤ ኮምፒውተር ላይ መጻፉን ለእኔ ተወው። ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ብትመጣ ቤትህ ነው፤ ካልተመቸህ እኔው ደብተር ይዤ እመጣለሁ። ለእናትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።