ሲስተም የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ማክሰኞ እናቴን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ግፊት ክትትል ስላላት በየወሩ መድኃኒት ትወስዳለች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ከመስኮቱ ቀና ሳትል «እማማ፣ ሲስተም የለም» አለቻት።

«ምነው የኔ ልጅ፣ አሞት ነው?» አለች እናቴ። ሐኪም መስሏት ነው።

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። አምስት ሰዓት ላይ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ ይመለስልን እያልኩ አይደለም። የድሮውን ካርድ ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ። ካርዷ ስንቴ ጠፍቶ አዲስ ወጥቶላታል። ሐኪሙ ምን እንደምትወስድ ሲጠይቃት «ነጯን ክኒን» ትለው ነበር። አሁን ግን የአምናው ግፊቷ ሳይቀር ኮምፒዩተሩ ላይ ይወጣል። ክፍያውም በቴሌብር ያልቃል። ተመስገን ነው።

ግን የግፊት መለኪያው ኔትወርክ አይፈልግም። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም እንደኛው ሲስተም ይጠብቃል። ነርሷም አለች፣ መድኃኒቱም አለ። የጎደለው መመዝገብ ብቻ ነው። ከጎናችን ልጇ በትኩሳት የሚግልባት እናት ጠብቃ ጠብቃ ወደ ግል ክሊኒክ ሄደች። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀው የታብሌት መመዝገቢያ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌም ይሠራል። መረጃውን ይዞ ይቆይና መስመር ሲገኝ ይልካል። ገጠር የተቻለ ነገር አዲስ አበባ ላይ እንዴት ያቅታል? እሱም ቢቀር፣ ሲስተም በጠፋ ቀን በወረቀት ተጽፎ በኋላ የሚገባበት አሠራር ይኑር። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው የሚፈጀው።

እግረ መንገዴን፦ እናቴ ፋይዳ አላት። አሥር ጣቷን፣ ሁለት ዓይኗን ሰጥታ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር አግኝታለች። ሆስፒታል ሪፈር ስትባል ግን እንደገና ካርድ፣ እንደገና «ምን ይወስዳሉ?» ነው። ያ ቁጥር ታሪኳን ይዞላት ቢሄድ ምን ነበረበት?

ረቡዕ ተመልሰን ሄድን። ሲስተሙ መጥቷል። ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። የእናቴ የመጨረሻዋ ክኒን ግን ያለቀችው ሰኞ ማታ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ