የሳይንስ ክበብ ዓመት፦ «ቲቸር፣ ለምን ሁሉም አይበሩም?»

የ2017 ዓ.ም. ዕቅዳችን ስለ ውኃ ማጣራትና ስለ ችግኝ ነበር። ጥቅምት ላይ አዘጋጅተን፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ጨርሰናል። በሁለተኛው ረቡዕ ግን አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኤክስ ሜን ላይ ያሉት ሁሉ ልዩ የሆኑት በአንድ ጂን ነው አይደል? ታዲያ ለምን ሁሉም አይበሩም? አንዱ በረዶ ይሠራል፣ አንዷ የሰው ሐሳብ ታነባለች፣ የአንዱ ቁስል ወዲያው ይድናል። ጂኑ አንድ ከሆነ ኃይሉ ለምን ተለያየ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም «እሱ ፊልም ነው፣ ወደ ሥራችን እንመለስ» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን ጥያቄው አላስተኛ አለኝ። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ጂን እንዲህ ቀጥ ያለ ጥያቄ የጠየቁኝ ተማሪዎች ግን ጥቂት ናቸው። በሚቀጥለው ረቡዕ ልጅቷን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። የውኃ ማጣሪያውን በአንድ ከሰዓት ሠርተን ጨረስን፤ ችግኙን ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስረከብን። የቀረው ዓመት የእሷ ጥያቄ ሆነ።

መጀመሪያ ታሪኩን ራሱን አጠናን። ኤክስ ሜን በደራሲው ስታን ሊና በሠዓሊው ጃክ ከርቢ ተፈጥሮ አሜሪካ ውስጥ በኮሚክ መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጀግኖች ለየራሳቸው መነሻ ነበራቸው። አንዱን ጨረር የነካው ሸረሪት ነከሰው፣ ሌላው በጋማ ጨረር ተመታ። ስታን ሊ በኋላ እንደተናገረው ለእያንዳንዱ አዲስ አደጋ መፈልሰፍ ሰለቸው፤ ስለዚህ «እንዲሁ ይዘውት ተወለዱ» አለ። ርእሱንም «ሚውታንቶቹ»፣ ማለትም በጂናቸው ለውጥ የተለዩት፣ ሊለው ፈልጎ ነበር። አሳታሚው አንባቢ ቃሉን አያውቀውም ብሎ ከለከለው። ያኔ አንባቢ አያውቀውም የተባለውን ቃል ዛሬ የ9ኛ ክፍል ልጅ ይዞት መምጣቱ በጣም ደስ ይለኛል።

በታሪኩ ውስጥ «ኤክስ ጂን» የሚባለው ይህ ጂን አብዛኛውን ጊዜ የሚነቃው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ልጆቻችን ለምን እንደሚወዱት እዚህ ላይ ገባኝ። ድምፁ የጎረነነበት፣ ቁመቱ በአንድ ክረምት ያሻቀበ ልጅ፣ ሰውነቱ ሳያስፈቅደው ስለሚለወጥ ሰው ሲያነብ ስለ ራሱ እያነበበ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የታሪኩን ሁለት ወንድማማቾች፣ ሳይክሎፕስንና ሃቮክን አነሣ። የሁለቱም ሰውነት ከውጭ ኃይል ተቀብሎ ያጠራቅማል። አንዱ በዓይኑ ይለቀዋል፣ ሌላው ከመላ ሰውነቱ። «ስለዚህ ይወርሳሉ ማለት ነው፤ ግን አንድ ዓይነት አይወርሱም» አለ። ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፍነው፤ እስከ ሰኔ ድረስ ማንም አላጠፋውም።

ከዚያ ወደ ዝንቦቹ ሄድን። የበሰለ ሙዝ ላይ የምትሰፍረዋን ትንሿን ዝንብ ሁሉም ያውቃታል። የሻይ ክበባችን እትዬ የጠቆረ ሙዝ እያስቀመጡ ሰጡን። በሁለት ብርጭቆ ማሰሮ፣ አፉን በሻሽ አስረን፣ ዝንቦች አረባን። ከእንቁላል እስከ ዝንብ ያለውን ለውጥ ልጆቹ በየቀኑ በደብተር መዘገቡ። በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ወጣ። ቅዳሜ እንኳ መጥተው የሚያዩ ነበሩ።

ለጥያቄያችን መልስ የሰጠችንም ይህችው ዝንብ ናት። ዋልተር ጌሪንግ የሚባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በባዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙትን ሥራ ለልጆቹ ተረኩላቸው። የዝንብ ዓይን እንዲሠራ ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ጂን አለ። ተመራማሪዎቹ ይህን ጂን በማይሠራበት ቦታ፣ እግርና ክንፍ ላይ እንዲነቃ አደረጉት። ዝንቧ እግሯ ላይ ዓይን አወጣች። ቀጥለው የአይጥን ተመሳሳይ ጂን ዝንብ ውስጥ አስገቡ። አሁንም ዓይን ወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ «የማን ዓይን የወጣ ይመስላችኋል?» አልኳቸው። ከሁለት ልጆች በቀር ሁሉም «የአይጥ!» አሉ። የወጣው የዝንብ ዓይን ነው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠያቂዋ ልጅ ቀስ ብላ «ጂኑ እኮ ዓይኑን ይዞ አልመጣም፤ ‹ዓይን ሥሩ› ብሎ ነው ያዘዘው። የሠራው የዝንቧ ሰውነት ነው» አለች። እኔ በአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የማልጨርሰውን እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። አንድ ማብሪያ ኩሽና ውስጥ ምድጃ ያበራል፣ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን፤ የሚለየው ከጀርባው ያለው ዕቃ ነው። የታሪኩ ኤክስ ጂን እንዲህ ያለ ማብሪያ ነው ብለን ብናስብ፣ ኃይሉ የሚለያየው የሚበራበት ሰውነት ስለሚለያይ ነው። ጂኖች በተጻፉበት በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለ። ማናችንም ከሌላው ጋር በሁሉም ፊደል አንድ አይደለንም፤ እያንዳንዱ ሕፃን ደግሞ ወላጆቹ ላይ ያልነበሩ በአሥሮች የሚቆጠሩ አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን ለእኔ መጋቢት ላይ የነበረው ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ሚውታንት እንዲፈጥሩ አዝዤ ነበር። ሁለት ሕግ ብቻ ሰጠሁ፦ ኃይሉ ጉልበት ከየት እንደሚያገኝ ይነገር፤ በምትኩ ሰውየው ምን እንደሚያጣም ይነገር። አንዱ ልጅ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ሳያለከልክ የሚሮጥ ጀግና ይዞ መጣ። «ይሄማ ተራ ነው» ብለው ተቃወሙት።

ተራ አይደለም። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ታትሟል። አየሩ እዚያ ስስ ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የቲቤት ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው፤ ሄሞግሎቢናቸው ግን ብዙም አይጨምርም። የእኛዎቹ ተራራ ላይ ሆነው ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም በባሕር ጠለል ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ ተገኘ። አንድ ዓይነት ችግር፣ ሦስት ሕዝብ፣ ሦስት የተለያየ መልስ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «አያቴ ደባርቅ ናቸው» አለ። ሁሉም ዞረው አዩት። በበዓል ቀን እንኳ እንዲህ ሲኮራ አይቼው አላውቅም።

ወዲያው «ታዲያ ሯጮቻችንም ሚውታንት ናቸው?» የሚል ጥያቄ መጣ። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የመለስኩት። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ 7 የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አለው፤ ቀይ የደም ሴሉን የሚያበዛ ለውጥ በቤተሰቡ ውስጥ መኖሩም በምርመራ ተረጋግጧል። የኢትዮጵያን ሯጭ የሚያሸንፍ የሚያደርግ አንድ ጂን ግን አልተገኘም። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በቆጂ ላይ ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ያ ሁሉ የንጋት ልምምድ ለአንድ ጂን ሲሰጥ ዝም ብዬ መስማት አልችልም።

በወላጆች ቀን ከሙዝ ዲኤንኤ አወጣን። ሙዙን መፍጨት፣ ጨውና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሮ ማጥለል፣ ከዚያ የቀዘቀዘ አልኮል በጠርዙ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነው። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። አንዲት እናት በእንጨት ስንጥር ጠቅልለው ካወጡት በኋላ «ይቺ ናት እንግዲህ ልጄን አባቱን ያስመሰለችው?» አሉ። የሙዝ መሆኑን ልጃቸው ነገራቸው።

ያልተሳካልንም አለ። ማይክሮስኮፓችን ጥር ላይ ተበላሽቶ ሳይጠገን ዓመቱ አለቀ። የ12ኛ ክፍል ልጆች በፈተና ዝግጅት ምክንያት ከሚያዝያ በኋላ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም። የሚውታንቶቹን ሥዕሎች በዚህ መጽሔት ውስጥ ማስገባት አልቻልንም። ላይብረሪው በር ላይ ተለጥፈዋል፤ ሄዳችሁ እዩዋቸው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰሌዳውን ልናጸዳ ስንል ጠያቂዋ ልጅ ቾኩን ተቀበለችኝ። ከወንድማማቾቹ ዓረፍተ ነገር ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ማብሪያውንስ ማን ያበራዋል? ለምንስ በጉርምስና?» መስከረም ላይ ከዚህ እንጀምራለን። ማሰሮዎቹ ታጥበው ላብራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ለሙዙም እትዬን አነጋግሬያቸዋለሁ።