መኪና ከመንገድ ውጭ ሲበላሽ፦ እንቁላልና ገመድ አይበቁም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አስፋልት በሌለበት መንገድ ለሚጓዙ አሽከርካሪዎች ያወጣችሁት የመለዋወጫና የመሣሪያ ዝርዝር ጠቃሚ ነው። ሁለቱ ምክሮች ግን መታረም አለባቸው፦ በሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ እንቁላል ይጨመር የሚለውና የተሰበረ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) በገመድ ጠፍሮ መንዳት ይቻላል የሚለው። መኪና ይብሱን የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከቆመ በኋላ በጥድፊያ በሚሠራ ሥራ ነው።

ከእንቁላሉ ልጀምር። በሙቀት ሲረጋ ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል፤ ነገር ግን ቀዳዳውን ከጤነኛው ቱቦ አይለይም። የራዲያተሩን ጠባብ መተላለፊያዎችና የጋቢናውን ማሞቂያ አብሮ ይዘጋና ውኃ ሳይጎድል ሞተሩ መጋል ይጀምራል።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው በመጠበቅ ነው። የራዲያተር ክዳን አንድ ባር ገደማ ግፊት ስለሚይዝ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሳይፈላ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሰዓት ክዳኑ ከተከፈተ ፈሳሹ በቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይገነፍላል። የላይኛው ማኒኮቶ (ራዲያተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ) ሲጨበጥ በቀላሉ እጅ እስኪገባ ድረስ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ መታገስ ነው። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ መገልበጥም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል።

የተቀደደው የማኒኮቶው ጫፍ አካባቢ ከሆነ ፋሼታውን (የቱቦውን ማሰሪያ ቀለበት) ፈትቶ፣ የተጎዳውን ቆርጦ መልሶ ማሰር ከሁሉ ይቀላል። መሃሉ ላይ ከሆነ ግን ቦታውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በራሱ ላይ የሚጣበቀውን የሲሊኮን ቴፕ በደንብ እየወጠሩ፣ እያንዳንዱን ዙር በግማሽ እየደረቡ መጠቅለል ያስፈልጋል። ከቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ቀደም ብሎ ተጀምሮ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይጨረስ። ተራው የኤሌክትሪክ ቴፕ ሙጫው በሙቀት ስለሚለቅ አይሆንም። ከዚያ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ጥርስ ብቻ አላልቶ መንዳት ግፊቱን ያቀልለታል። ግፊት የሌለው ውኃ ግን ባሕር ጠለል ላይ በ100፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ከሙቀት መለኪያው ዓይን ሳይነቅሉ በቀስታ መንዳት ግድ ነው።

የሚያፈሰው የራዲያተሩ አንድ ቀጭን የብረት ቱቦ ከሆነ በዙሪያው ያሉትን ክንፎች በፒንሳ ነቅሎ፣ ቱቦውን ቀዳዳው ላይ ቆርጦ፣ ሁለቱንም ጫፎች አጥፎ መጭመቅ ይቻላል። አንድ ሁለት ቱቦ ቢዘጋ ራዲያተሩ ሥራውን አያቆምም።

ወደ ባሌስትራው ስንመጣ፣ የገመዱ ምክር አደገኛ ነው። ባሌስትራ የመኪናውን ክብደት ብቻ አይሸከምም፤ አክሰሉንም (ጎማዎቹ የተያዙበትን ዘንግ) በቦታው የሚይዘው እሱ ነው። በብዙ መኪኖች የኋላውን አክሰል ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚያደርገው የዋናው ቅጠል ፊተኛ ግማሽ ነው። እሱ ሲሰበር አክሰሉ በአንድ ወገን ይሸሻል፣ ጎማው ከአካሉ ጋር ይፋተጋል፣ የፍሬን ቱቦውም ሊበጠስ ይችላል። ገመድ ይለጠጣል፤ ስለታም ጠርዝ ላይም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በአክሰሉና በሻንሲው (በመኪናው ዋና የብረት አጽም) መካከል የጠንካራ እንጨት ጉማጅ አስገብቶ በሽቦ ማሰር፣ ቀጥሎም አክሰሉን በሰንሰለት ወደ ፊት ስቦ ከሻንሲው ጋር መወጠር ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ የፍሬን ቱቦ እንዳይነካ አጥብቆ ማየት ይገባል። ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ፤ እየቆሙም ማሰሪያውን መፈተሽ አይቀርም። የተሰበረው ዋናው ቅጠል ሳይሆን ከታች ካሉት አንዱ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፦ ክብደት ቀንሶ በዝግታ መሄድ ይቻላል።

ዝርዝራችሁ ክሪክ ይላል፤ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፈውን ጣውላ ግን አይጠቅስም። ለስላሳ መሬት ላይ ቢያንስ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከሌለ ክሪኩ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል ወይም ያጋድላል። ዳዶዎቹ (የጎማው ማሰሪያ ብሎኖች) መላላት ያለባቸው ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው። የወለቀው ጎማ ከሻንሲው ሥር ይተኛ፤ ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ስለ ጎማ ብዙ ማለት አያሻም፤ ጽሑፋችሁ በደንብ ሸፍኖታል። የጎን ግድግዳው ላይ የተደፈነ ጎማ እስከ ጎሚስታው ድረስ በዝግታ ከመውሰድ ያለፈ አገልግሎት እንደማይሰጥ ብቻ ይታከልበት።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያላነሳው ወንዝ ሲሻገሩ የሚጠፋ ሞተርን ነው። በተደጋጋሚ ለማስነሳት መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ውኃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ሲወጣ ቢዬላውን (ፒስተኑን የሚገፋውን ክንድ) ያጣምመዋል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይታይ። እርጥብ ከሆነ የቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ (የእሳት ብልጭታ ሰጪዎቹ)፣ የናፍታ ደግሞ ካንዴሌታዎቹ (ማሞቂያዎቹ) ወይም ኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ ረጪዎቹ) ወጥተው ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ማዞር ነው፤ ውኃው ተረጭቶ ይወጣል። የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ።

የፍሬን ቱቦ ሲበጠስ የብረቱን ክፍል አጥፎ በሚቆለፍ ፒንሳ መጭመቅና የፍሬን ዘይት መሙላት የአንዱን ጎማ መስመር ይዘጋል። ከዚያ ፔዳሉ ደጋግሞ ተረግጦ ይሞከር። ካልጠነከረ መኪናው ቁልቁለት ላይ ባይሆን እንኳን መንቀሳቀስ የለበትም።

አክባሪያችሁ
የመኪና መካኒክ