አሮጌው ጠመንጃ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ናፍቆቴ ቀለለልኝ። የአባትህን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ «ላስጠግነው ወይስ ሌላ ልግዛ?» ላልከኝ፣ ፍርዱ ያለው አፈሙዙ ላይ ነው። ሰደፍ ቢሰነጠቅ፣ ሞላ ቢደክም፣ የመምቻው መርፌ ቢሰበር መላ አለው። አፈሙዙ ከከዳህ ግን ለቀረው ገንዘብ አታፍስ።

መጀመሪያ ከፍተህ ሁለቱም ባዶ መሆናቸውን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ አፈሙዙን አውልቀህ በጨርቅ ወልውልና ወደ ብርሃን አቅንተህ ከሁለቱም ጫፍ ተመልከት። ውስጡ የሚታዩት የብርሃን ክቦች ሳይዛነፉ ከተደረደሩ ደግ ነው። ክቡ በአንድ በኩል ከተሰበረ ብረቱ ተጨርምቷል፤ ይህን ጎበዝ ባለሙያ ያቃናዋል። ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ካየህ ግን አፈሙዙ ሳይነፋ አልቀረም፤ ብዙ ጊዜ የሚነፋው የሆነ ነገር ተወትፎበት ሲተኮስ ነው፤ የተለጠጠ ብረት ደግሞ አይታመንም።

ዝገት የበላው ጉድጓድ እንደ ቦታው ነው። ጫፉ አካባቢ ያለ ነቁጥ ብዙም አያሳስብም፤ ግፊቱ የሚበረታው ጥይቱ ከሚቀመጥበት ክፍልና ከእሱ ቀጥሎ ስለሆነ እዚያ ያለውን ፍራው። መፋቅ ጉድጓዱን ያጠፋል፣ ብረቱንም ያሳሳል። ስለዚህ ሳታስፍቅ ውፍረቱን አስለካ፤ ቀጭኑ ቦታ ከግማሽ ሚሊሜትር ካነሰ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

አፈሙዙን በገመድ አንጠልጥለህ በእንጨት መታ አድርገው። እንደ ደወል ካቃጨለ ደህና ነው፤ ከተንኮሻኮሸ ሁለቱን ያጣበቀው ብየዳ ለቋል። ይህም ይጠገናል፣ ግን ውድ ሥራ ነው።

መልሰህ ግጠመውና የፊት እጀታውን አውልቀህ፣ ዘግተህ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቀው። ከተላወሰ መቆለፊያው ተበልቷል። ትክክለኛው ጥገና ብረት ጨምሮ እየሞረዱ ማስገጠም ነው። ቆርቆሮ ሸጉጦ የሚያጠብቅልህ ካለ አትስጠው፤ ትንሽ ተተኩሶ ይላላል። ባዶውን ወጥረህም ሰደፉን ጎማ ላይ መታ አድርገው፤ ምላጭ ሳይነካ መምቻው ከወደቀ የመያዣው ጥርስ አልቋልና እስኪሠራ ድረስ ጥይት እንዳይገባበት።

ሰደፉ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ማጣበቂያ አይዝም፤ ዘይቱ መጀመሪያ ይውጣ። ወደፊት ዘይቱ ወደ ሰደፉ እንዳይወርድ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጠው።

አደራ የምልህ ግን የጥይቱን ርዝመት ነው። አፈሙዙ ሥር 65 ወይም 70 የሚል ቁጥር ፈልግ፤ ሚሊሜትር ነው። የ70 ጥይት አፉ የታጠፈ ስለሆነ 65 ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፣ ስለዚህ መግባቱ አያታልልህ። ሲተኮስ እጥፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ያለቁት እንዲህ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ባለሙያ ይለካልህ።

የምታድንበት ቦታ ከጥይቱ የሚበተኑት ጥቃቅን አረሮች ከእርሳስ እንዳይሆኑ ከልክሎ የብረት ግድ ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብረት እንደ እርሳስ አይለዝብም፤ ጫፉ የጠበበ አሮጌ አፈሙዝ ያበላሻል። ያኔ አዲስ ግዛ፣ የአባትህንም በክብር አስቀምጥ።

የውፍረቱን ልክ ስታገኝ ጻፍልኝ፤ ከዚያ የጥገናውን ዋጋ አብረን እንመዝናለን።

ወዳጅህ