ለማታ ተረኞች በሙሉ (አራስ ክፍል)
ሰላም ሲስተሮችና ብራዘሮች እንዴት ዋላችሁ። እዚህ እንጦጦ ጀርባ የሌሊቱ ብርድ ጃኬት ለደረብነውም ከባድ ነው፣ እርጥብ ሆኖ ለወጣ ህጻንማ አስቡት። ትናንት ሌሊት የአንዷን ህጻን ሙቀት ስንለካ 35.8 ሆኖ አገኘነው፣ ክፍሉ ሳይሞቅ ለሚዛን ተጣድፈን ነው እንጂ ልጅቷስ ምንም አልነበረባትም። ስለዚህ ፕሊስ ሚዛኑ ይቆይ! መጀመሪያ ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ መቀየር፣ ኮፍያ አድርጎ እናቱ ደረት ላይ መሸፈን፣ እያለቀሰ ከሆነ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ታገሱ። ካልተነፈሰ ግን አፕጋር (ለህጻኑ ሁኔታ የሚሰጠውን ነጥብ) አትጠብቁ፣ አፕጋር የሚሞላው በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ነው፣ በአምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት) መርዳት ደግሞ እዛችው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት፣ ተማሪዎች ይሄን ሁሌ ያምታቱታል። ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ከ30 እስከ 60 ነው፣ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የለም። ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5። ጡት በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ቫይታሚን ኬና የዓይን ቅባት ከዛ በኋላ። አያቶች ቅቤ ላቅምስ ካሉ በትህትና ከልክሉ፣ ገላውንም ለማጠብ 24 ሰዓት ይቆዩ በሏቸው። እና ማሞቂያውን የወሰደ ሰው ዛሬውኑ ይመልስ።